በእንፋሎት ባቡር ጋቢና ለሚሳፈር ሰው የሚጠቅም ትምህርት

«ባቡር» የሚለው ቃል ከውጭ አገር መጥቶ አማርኛ የሆነ ቃል ነው። ፈረንሳዮች «ቫፐር»፣ ጣልያኖችም «ቫፖሬ» ይላሉ፤ ትርጓሜውም እንፋሎት ማለት ነው። ይህ ቃል በቱርኮችና በዐረቦች አፍ አልፎ ወደ እኛ ሲደርስ «ባቡር» ሆነ። አባቶቻችንም ስሙን በእንፋሎት ለሚንቀሳቀስ መኪና ሁሉ ሰጡት። በሐዲድ ላይ የሚሄደው የምድር ባቡር ተባለ፤ እህል የሚፈጨውም የወፍጮ ባቡር ተባለ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የመንገድ መደምደሚያ የእንፋሎት መኪናም «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ እስከ ዛሬ በስሙ ይታወሳል። እንግዲህ ሳናውቀው በየቀኑ «ባቡር» ባልን ቁጥር «እንፋሎት» ማለታችን ነው።

እኛ የቡሬ ተማሪዎች ሐዲድ ባለበት አገር አልተወለድንም። ይሁን እንጂ የእንፋሎት ኀይል ለአገራችን ለኢሉባቦር ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት ጀልባዎች በነጭ ዐባይና በሶባት በኩል አድርገው እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። የጎሬና የአካባቢዋ ቡናም በበቅሎና በሰው ጫንቃ ሆኖ በእኛ በቡሬ በኩል ቁልቁለቱን ወርዶ በነዚያ ጀልባዎች ይጫን ነበር። ጀልባውን የሚያስኬደው ቦይለርና የምድር ባቡሩን የሚያስኬደው ቦይለር በጠባይ አንድ ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ሥራ የተማረ የሌላውንም ያውቃል።

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ አንድ ሰው በእንፋሎት ባቡር ፊተኛ ክፍል፣ ማለትም በነጂው ጋቢና ውስጥ ቢሳፈር ምን እንደሚያይ፣ ምን እንደሚሰማ፣ ከምንስ መጠንቀቅ እንደሚገባው ነው። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም ፊዚክስ በመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚኖር ትምህርት አለመሆኑን ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ ቢዘነጋ ሰው ይሞታልና።

ሀ) ስለ አገራችን የምድር ባቡር በአጭሩ

ምኒልክ ከጅቡቲ ወደ መሀል አገር የሚገባ የባቡር ሐዲድ እንዲሠራ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። የድሬዳዋም ከተማ የተቈረቈረችው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ክርክር ሥራው አያሌ ዓመታት ዘግይቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ዛሬ ለገሀር የምንለው ትልቁ የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ነው፤ «ለገሀር» የሚለውም ስም ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ከሚሉት የመጣ ነው። የመንገዱ ርዝመት ወደ 780 ኪሎ ሜትር ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው ዘመን ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ ከጅቡቲ የተነሣ መንገደኛ አንድ ሌሊት በድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መውጣት ለእንፋሎት መኪና ቀላል ሥራ አይደለም። ከዚያም በላይ መንገዱ በአብዛኛው የሚያልፈው ውኃ እንደ ልብ በማይገኝበት በረሃ ውስጥ ነው፤ የእንፋሎት ባቡር ደግሞ ከከሰሉ ይልቅ ውኃውን ይጠማል።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች መጥተው የእንፋሎቱን ተኩ። አሮጌው ሐዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ድረስ በ2000 ዓ.ም. ገደማ አገልግሎቱን አቆመ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ የባቡር መንገድ ተመረቀ። በጎረቤታችን በኤርትራ ከምጽዋ እስከ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር የተራራ ሐዲድ ግን በጦርነት ከፈረሰ በኋላ በ1995 ዓ.ም. ተጠግኖ፣ ጣልያኖች የሠሯቸው አሮጌ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አገር ጐብኚዎችን ይዘው እንደገና ተጉዘውበታል። በሕንድም በዳርጂሊንግ ተራራ፣ በእንግሊዝና በጀርመንም በልዩ ልዩ ስፍራ የእንፋሎት ባቡር ለትዝታና ለትምህርት ይነዳል።

ለ) እንፋሎት እንዴት ይጐትታል?

ጀበና ጥዶ ያስተዋለ ሰው የነገሩን መሠረት ያውቃል። ቡናው ሲፈላ እንፋሎቱ በአፉ ይወጣል፤ መውጫው ቢደፈን ክዳኑን ይገፋል። ውኃ በተራ አየር ግፊት ፈልቶ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ 1,700 ጊዜ ያህል ስፋት ይፈልጋል። ስፍራ ሲነፈገው ይገፋል፤ ይህም ግፊት የባቡሩ ጕልበት ነው።

ሎኮሞቲቭ አራት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት። ከጋቢናው ፊት ለፊት ያለው የእሳቱ ቤት ነው፤ በውስጡም ከሰል ወይም እንጨት ይነዳል። ከእሳቱ ቤት ቀጥሎ ረጅሙ ቦይለር ይገኛል፤ በውኃው መካከል ብዙ ቀጫጭን ቱቦዎች አልፈውበታል፤ የእሳቱ ትኩስ ጋዝ በነዚህ ቱቦዎች ሲያልፍ በዙሪያቸው ያለውን ውኃ ያፈላዋል። በስተፊት የጭሱ ቤትና የጭስ መውጫው አሉ። ከታች በግራና በቀኝ ሲሊንደሮቹ ተቀምጠዋል። እንፋሎቱ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስቶኑን ወዲያና ወዲህ ሲገፋው፣ ፒስቶኑ በብረት ዘንግ አማካይነት መንኰራኵሩን ያዞረዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ብልሃት አለ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት በከንቱ አይጣልም፤ በጭሱ ቤት ውስጥ ሽቅብ ተወርውሮ በጭስ መውጫው ይወጣል። ሲወጣም ጭሱን ይዞት ስለሚሄድ በስተኋላ አዲስ አየር በእሳቱ ውስጥ ይሳባል። የቀጥቃጭ ወናፍ እሳቱን የሚያቀጣጥለው አየር በመግፋት ነው፤ የባቡሩ ወናፍ ግን አየሩን በመሳብ ይሠራል። ስለዚህ ባቡሩ ዳገት ወጥቶ ሲደክም ትንፋሹ ይበረታል፤ ትንፋሹ ሲበረታ እሳቱ ይነዳል፤ እሳቱ ሲነድ እንፋሎቱ ይበዛል። ሥራው ራሱ ጕልበቱን ይወልዳል ማለት ነው። ሰዎች «ቱፍ፣ ቱፍ» ሲል የሚሰሙት ድምፅ ይህ ትንፋሽ ነው፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር ባቡር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ በዞረ ቍጥር አራት ጊዜ ይተነፍሳል።

ሐ) ጋቢናው ውስጥ የሚታየው

መሰላሉን ጨብጦ ወደ ጋቢናው የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጋጥመው ሙቀት ነው። ፊቱ ከእሳቱ ቤት በኩል ይቃጠላል፤ ጀርባው ግን ክፍት በሆነው በኩል በሚገባው ነፋስ ይበርዳል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የሚቀመጡበትም ወንበር ለሠራተኞቹ እንጂ ለእንግዳ የታሰበ አይደለም። ስለዚህ ተሳፋሪው ቆሞ ለመጓዝ መዘጋጀት አለበት።

ቀጥሎ ዐይን የሚያርፈው በቦይለሩ ጀርባ ላይ በተደረደሩት መሣሪያዎች ነው። የመሣሪያው ብዛት ሰውን ያደናግራል፤ ነገር ግን ሁሉም ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ የተሠሩ ናቸው። የመጀመሪያው «ውኃውና እሳቱ እንዴት ነው?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ባቡሩ እንዴት ይሂድ?» የሚል ነው።

ስለ ውኃውና ስለ እሳቱ የሚናገሩት፣ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የውኃውን ልክ የሚያሳየው መለኪያ፣ የእንፋሎቱን ግፊት የሚያሳየው ክብ ሰዓት መሳይ መለኪያ፣ ከፉርጎው ውኃ ወደ ቦይለሩ የሚያስገባው ኢንጀክተርና የእሳቱ ቤት በር ናቸው። ስለ አካሄዱ የሚያገለግሉት ደግሞ፣ እንፋሎቱን ወደ ሲሊንደር የሚለቀው ትልቁ እጀታ፣ ባቡሩን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚያስኬደው መዘውር፣ ፍሬኑ፣ አሸዋ ማፍሰሻውና የፉጨቱ ገመድ ናቸው።

አሸዋ ለምን ያስፈልጋል ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ሰበቃው ጥቂት ነው፤ ባቡር በትንሽ ጕልበት ብዙ ጭነት የሚስበውም ስለዚህ ነው። ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ወይም ሐዲዱ ዘይት ሲነካው መንኰራኵሩ በስፍራው እየዞረ ባቡሩ ይቆማል። በዚያን ጊዜ ነጂው ደረቅ አሸዋ በሐዲዱ ላይ ያፈስሳል። በጭቃ ዳገት ላይ ጎማው የሚሽከረከርበትን የጭነት መኪና ያየ የኢሉባቦር ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

መ) ሁለቱ ሠራተኞች

በጋቢናው ውስጥ ሁለት ሰዎች ይሠራሉ፤ ነጂውና እሳት አንዳጁ። ብዙ ሰው ነጂው አዋቂ፣ እሳት አንዳጁ ግን አካፋ ያዥ ብቻ ይመስለዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። እሳት አንዳጁ ከፊት ያለውን መንገድ በልቡ ማወቅ አለበት። ዳገት ከመድረሱ በፊት እሳቱን ያዘጋጃል፤ ዳገቱ ከደረሰ በኋላ ቢጀምር ዘግይቷል። ቁልቁለት ሲመጣ ከሰል መጨመር ያቆማል፤ አለዚያ የማያስፈልግ እንፋሎት በደኅንነት ቫልቩ እየጮኸ ይባክናል። ከሰሉንም በአንድ ስፍራ አይከምረውም፤ በእሳቱ ቤት ወለል ላይ ሳሳ አድርጎ ይበትነዋል። በምድጃ ላይ እንጨት አጭቆ ቤቱን በጭስ የሞላ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ እሳት ምግቡ እንጨት ብቻ አይደለም፤ አየርም ነው።

የድካሙን መጠን በቍጥር ብንመለከተው የበለጠ ይገባናል። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ በእሳቱ ውስጥ ካለው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው በተለመደው ከ10 እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከ100 እጅ 6 እጅ ነው እንበልና፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እንጨት 15 ሚሊዮን ጁል ቢሰጥ፣ ለመጐተት የሚውለው 900 ሺህ ጁል ብቻ ነው። 100 ቶን ጭነት 1,000 ሜትር ከፍ ለማድረግ 980 ሚሊዮን ጁል ያስፈልጋል። እንግዲህ ሰበቃውንና የሎኮሞቲቩን የራሱን ክብደት ሳንቈጥር፣ ከአንድ ቶን በላይ እንጨት በአንድ ሰው ክንድ ተነሥቶ ወደ እሳት መግባት አለበት ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር እንፋሎቱን ያሸነፈበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ሁለተኛውም በረሃ ውስጥ ውኃ አለመፈለጉ ነው።

ሠ) እጅግ የሚያስፈራው ነገር

ወደ ጋቢና የሚወጣ እንግዳ የሚፈራው እሳቱን ነው። ሠራተኞቹ ግን ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት የውኃ ማነስን ነው። ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንመርምር።

በመጀመሪያ፣ በእሳቱ ቤት ውስጥ ያለው ሙቀት ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። የእሳቱ ቤት ጣሪያ ግን ከብረት ወይም ከመዳብ የተሠራ ሰሌዳ ነው። ይህን በመሰለ ሙቀት ውስጥ ያለ ሰሌዳ ተለሳልሶ ሊሸነፍ ይገባው ነበር። የማይሸነፈው በላዩ ላይ ውኃ ስላለ ነው፤ ውኃው ሙቀቱን ወዲያው እየወሰደ ሰሌዳውን ያበርደዋል። ይህን ለማረጋገጥ የሚወድ ተማሪ ወረቀት እንደ ኩባያ አጥፎ ውኃ ይጨምርበትና በመምህሩ ፊት በሻማ ላይ ይያዘው። ውኃው እስካለ ድረስ ወረቀቱ አይነድም።

ሁለተኛ፣ በቦይለር ውስጥ ያለው ውኃ እንደ ጀበናው ውኃ አይደለም። በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ በጅቡቲ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ግፊት ሲጨምር ግን የመፍሊያው ዲግሪ ይጨምራል። መለኪያው በሳንቲ ሜትር ካሬ 12 ኪሎ ግፊት ሲያሳይ ውኃው ከ190 ዲግሪ በላይ ሞቋል፤ ሆኖም መውጫ ስላጣ ውኃ ሆኖ ይቆያል።

ሦስተኛ፣ ውኃው አንሶ የእሳቱ ቤት ጣሪያ ቢገለጥ ሰሌዳው ይግላል፤ ይለሰልሳል፤ በላዩም ያለው ግፊት ይቀድደዋል። በዚያች ቅጽበት ግፊቱ ስለሚጠፋ 190 ዲግሪ የሆነው ውኃ ውኃ ሆኖ መቆየት አይችልም። ሒሳቡ እንደሚያሳየው ከእያንዳንዱ 6 ኪሎ ውኃ 1 ኪሎ ያህሉ በድንገት እንፋሎት ይሆናል፤ ስፋቱም ከሺህ ጊዜ በላይ ይጨምራል። በቦይለሩ ውስጥ ደግሞ ያለው ብዙ ቶን ውኃ ነው። ይህ ከፈንጂ አይለይም፤ የሚወጣበትም አቅጣጫ በእሳቱ ቤት በኩል ወደ ጋቢናው ነው። በእንፋሎት ዘመን በልዩ ልዩ አገር አያሌ ነጂዎችና እሳት አንዳጆች የሞቱት እንዲህ ባለ አደጋ ነው።

መሐንዲሶች ለዚህ መድኀኒት ፈልገዋል። በእሳቱ ቤት ጣሪያ ላይ በእርሳስ የተሞላ ቡሎን ይገጥማሉ። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ጣሪያው ከውኃ ተገልጦ መጋል ሲጀምር፣ ሰሌዳው ከመለስለሱ በፊት እርሳሱ ይቀልጥና እንፋሎቱ በቀዳዳው እየጮኸ ወደ እሳቱ ይገባል። ይህም ለሠራተኞቹ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ብልህ ነጂ ግን ነገሩን እስከዚህ አያደርሰውም፤ መስታወቱን ዘወትር ይመለከታል።

ከዚህም ጋር በዳገትና በቁልቁለት መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ያስፈልጋል። ውኃ የያዘ ትሪ ብናዘነብለው ውኃው ወዳዘነበለበት ይሮጣል። ባቡሩ ዳገት ሲወጣ ውኃው ወደ ኋላ፣ ወደ እሳቱ ቤት በኩል ይሄዳል፤ መስታወቱም ብዙ ውኃ ያለ ያስመስላል። ባቡሩ ጫፉን አልፎ ቁልቁለት ሲጀምር ግን ውኃው ወደ ፊት ይሸሻል። ለምሳሌ 4 ሜትር ርዝመት ያለው ቦይለር በ100 ሜትር 2 ሜትር ተኩል ከሚወጣ ዳገት ወደ እንዲሁ ያለ ቁልቁለት ቢዞር፣ በእሳቱ ቤት ጫፍ ያለው ውኃ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በዳገቱ ላይ «ውኃ በቂ ነው» ብሎ የተዘናጋ ሰው በተራራው ራስ ላይ ጣሪያውን ባዶ ያገኘዋል። እንደ አገራችን ባለ ተራራማ ምድር ይህን ያላወቀ ሰው ባቡር ሊነዳ አይችልም።

ረ) ጕዞው ሲጀመር

ነጂው ፉጨቱን ይስባል፤ ድምፁ በጋቢና ውስጥ ላለ ሰው ጆሮ የሚያደነቍር ነው። ከዚያም እንፋሎቱን ቀስ አድርጎ ይለቃል። ፉርጎዎቹ እርስ በርሳቸው እየተሳሳቡ ሲንቀሳቀሱ አንድ ኀይለኛ መንገጫገጭ ይሰማል፤ ያልያዘ ሰው ይወድቃል። ፍጥነቱ ሲጨምር ወለሉ ከእግር በታች ይንቀጠቀጣል። በሎኮሞቲቩና በከሰል ፉርጎው መካከል ያለው የብረት ንጣፍ በመታጠፊያው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ከጭስ መውጫው የሚወጣው ፍንጣሪ በነፋስ ተመልሶ ዐይን ውስጥ ይገባል። ዋሻ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጭሱ መውጫ አጥቶ ጋቢናውን ይሞላዋል፤ በዚያን ጊዜ ዝቅ ብሎ በጨርቅ አፍንጫን መሸፈን መልካም ነው።

ከፊት ያለው መንገድ ሙሉ በሙሉ አይታይም። ረጅሙ ቦይለር ፊት ለፊት ስለተጋረደ ነጂው በአንድ ወገን፣ እሳት አንዳጁ በሌላው ወገን በመስኮት እያዩ ይነጋገራሉ። ከብት ወይም ግመል በሐዲዱ ላይ ቢገኝ መጀመሪያ ያየው ለባልንጀራው ይጮኻል። ባቡር እንደ በቅሎ ልጓሙን ሲስቡት አይቆምም። ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ቢሆን ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በመታጠፊያ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኀይልም እንዲሁ አራት እጥፍ ይሆናል።

ይህ ሕግ በአገራችን ታሪክ በደም ተጽፏል። በጥር 1977 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ የጫነ ባቡር በአዋሽ አጠገብ በመታጠፊያ ድልድይ ላይ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደል ወደቁ፤ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ባቡሩ መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ለአደጋው ምክንያት ሆኖ ተነገረ። በዚያ ዘመን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ አልፎ ነበር። ነገር ግን መኪናው ቢለወጥም ሕጉ አልተለወጠም፤ በእንፋሎትም ቢሆን፣ በናፍጣም ቢሆን፣ በኤሌክትሪክም ቢሆን መታጠፊያ ፍጥነትን አይምርም።

ሰ) ተሳፋሪው ሊጠብቃቸው የሚገቡ ደንቦች

1ኛ. የጥጥ ወይም የሱፍ ልብስና ጠንካራ ቆዳ ጫማ ማድረግ። ናይሎን በፍም ሲነካ ቀልጦ ከሥጋ ጋር ይጣበቃል። ነጠላም ሆነ የተንዘረፈፈ ልብስ መኪና ይይዘዋልና መተው ይገባል።

2ኛ. ከመውጣት በፊት የት መቆም እንደሚገባ ነጂውን መጠየቅ። አካፋው የሚወዛወዝበትን ስፍራ ፈጽሞ አለመዝጋት።

3ኛ. ሳይፈቀድ ምንም ነገር አለመንካት። በጋቢናው ውስጥ ያለ ብረት ሁሉ የጋለ ነው ብሎ መገመት ይሻላል።

4ኛ. በሚንቀሳቀሰው የብረት ንጣፍ ላይ አንዱን እግር በዚህ፣ አንዱን በዚያ አድርጎ አለመቆም።

5ኛ. ራስን ከመስኮት አርቆ አለማውጣት። ድልድይ፣ የውኃ ማጠራቀሚያና የዛፍ ቅርንጫፍ ከባቡሩ ጐን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ያልፋሉ።

6ኛ. በሌሊት የእሳቱ በር ሲከፈት እሳቱን አለማየት። እሳት ያየ ዐይን ለጥቂት ጊዜ ጨለማውን ማየት ይሳነዋል።

7ኛ. ነጂውና እሳት አንዳጁ ሲነጋገሩ ዝም ማለት። ጨዋታና ጥያቄ ባቡሩ ሲቆም ይደርሳል።

ከነዚህ ሁሉ ሰባተኛው ይበልጣል። ሌሎቹ ደንቦች ተሳፋሪውን ራሱን ይጠብቁታል፤ ይህኛው ግን በስተኋላ በፉርጎዎቹ ውስጥ ተኝቶ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ዕቃውን ተደግፎ የሚጓዘውን ሕዝብ ይጠብቃል። ያ ሕዝብ ነጂውን አያየውም፤ ስሙንም አያውቅም። ሁለት ሰዎች መስታወቱንና መንገዱን እንደሚመለከቱለት አምኖ ግን ነፍሱን ሰጥቷቸዋል። አንድ ሰው ዛሬ በአውቶቡስ ከቡሬ ወደ መቱ ሲሄድም ያደረገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ በማናቸውም ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ ነጂውን በጨዋታ አያዘናጋው፤ ነገ ከእኛ መካከል መሪ የሚጨብጥም ከበስተኋላው ያለውን ሕዝብ አይርሳ።

ለተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የአንድ ሎኮሞቲቭ ፒስቶን ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና እንፋሎቱ በሳንቲ ሜትር ካሬ 12 ኪሎ ቢገፋ፣ በፒስቶኑ ላይ ያለው ጠቅላላ ግፊት ስንት ቶን ነው? (መልሱ 15 ቶን ያህል ነው፤ አሠራሩን አሳዩ።)

2. መንኰራኵሩ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር የሆነ ባለ ሁለት ሲሊንደር ባቡር በአንድ ደቂቃ 120 ጊዜ «ቱፍ» ቢል፣ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?

3. ዳገት ጨርሶ ቁልቁለት ሊጀምር በተቃረበ ባቡር ውስጥ እሳት አንዳጅ ብትሆኑ፣ ከጫፉ ከመድረሳችሁ በፊት ምን ታደርጋላችሁ? ምክንያቱንም ግለጹ።